የጨቅላ ሕፃናት የደም አሲድነት ይለካ፦ ስለ አንጎላቸው ደም ፍሰት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
እንዲሁም በየሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለምታገለግሉ የሙያ ባልደረቦቼ

ጉዳዩ፦ የደም ጋዝ ምርመራ የትንፋሽ ድጋፍ ለሚሰጣቸው ጨቅላ ሕፃናት መደበኛ አገልግሎት እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የማገለግል የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል በግፊት አየር እየሰጠ ትንፋሽን የሚያግዝ መሣሪያ) ወይም ቬንቲሌተር (በቱቦ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) በሚሠራበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሁሉ የደም ጋዝ ምርመራ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የአሲድነት መጠን የሚለካው ምርመራ፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እንዲገኝ። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ መሣሪያና የጥቂት ካርትሪጅ (መሣሪያው ደሙን የሚመረምርበት አላቂ ዕቃ) ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ከጀርባው ያለው ግን የሕፃናቱ አንጎል ደም የሚያገኝበት መንገድ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 29ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳይሞሉ ይሞቱ ነበር። በ2019 የተካሄደው አነስተኛ ጥናት የመጨረሻ ሪፖርት ደግሞ ቁጥሩን 33 አድርሶታል። በ2030 እንድንደርስበት የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ግብ ከ1000 ከ12 ያልበለጠ ነው። የእነዚህ ሞቶች ዋና ዋና ምክንያቶች ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማይነገርላቸው ግን ከሞት ተርፈው አንጎላቸው ተጎድቶ ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ናቸው። አንገታቸውን ለመያዝ የዘገዩ፣ መጥባት ያቃታቸው፣ የሚጥል በሽታ የጀመራቸው፣ በኋላም ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባቸው የሚባሉት ሕፃናት በየክትትል ክሊኒኩ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጣሉ። ከእነዚህ መካከል የአንዳንዶቹ ጉዳት የደረሰው በተወለዱበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት፣ እኛ በምንከታተላቸው ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው እነዚያን ሰዓታት ነው።

የአዲስ ሕፃን አንጎል ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር እጅ በላይ ይሆናል፤ በአዋቂ ሰው ግን ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል አካል ደም ሊበዛበትም ሊያንሰውም አይገባም። ስለዚህ የአንጎል ትንንሽ ደም ቅዳዎች የሰውነት የደም ግፊት ከፍ ሲል እየጠበቡ፣ ዝቅ ሲል እየሰፉ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው የደም መጠን እንዳይዋዥቅ ያደርጋሉ። ጎርፍ ሲመጣ የመስኖውን በር የሚያጠብ፣ ውሃ ሲያንስ የሚከፍት ገበሬ የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ ማለት ይቻላል። በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን ይህ ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ቁጥጥሩ የሚሠራበት የደም ግፊት ክልል ከአዋቂው ጠባብ ነው። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ደግሞ ክልሉ የባሰ ይጠብባል፤ የተለመደው የደም ግፊቱም ቁጥጥሩ ከሚያቆምበት የታችኛው ወሰን ብዙም አይርቅም።

ይህን ቁጥጥር በብርቱ ከሚያናጉት አንዱ አሲድ ነው። በተለይም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣው አሲድ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር ያለ ምንም ችግር ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል፤ በደም ቅዳው ዙሪያ ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ ሲጨምርም የደም ቅዳው ጡንቻ ይላላል፣ ደም ሥሩም ይሰፋል። በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በመቶ ከ3 እስከ 4 ያህል አብሮ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከ40 ወደ 60 የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንጎል ላይ ምን ያህል ተጨማሪ ደም እንደሚያፈስስ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ዋናው አደጋ ግን የደሙ መብዛት ብቻ አይደለም። አስቀድሞ እስከ መጨረሻው የሰፋ ደም ሥር የደም ግፊት ሲወርድ ከዚያ በላይ ሊሰፋ አይችልም፤ በአሲድ የላላ ጡንቻም ግፊት ሲጨምር በፍጥነት ሊጠብብ አይችልም። ከዚያ በኋላ የአንጎል ደም ፍሰት የሰውነትን የደም ግፊት እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ቱቦው ሲጠረግለት፣ ፈሳሽ በፍጥነት ሲሰጠው የሚፈጠረው የግፊት ለውጥ ሁሉ ሳይበርድ በቀጥታ አንጎሉ ይደርሳል። ይህን በጨቅላ ሕፃናት ላይ በልኬት ያሳዩት የዴንማርክ ሐኪሞች ሃንስ ሉ፣ ኒልስ ላሰንና ቤንት ፍሪስ ሃንሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት፣ በወሊድ ጊዜ ታፍነው ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው የነበሩ ሕፃናትን የአንጎል ደም ፍሰት ዜኖን በተባለ መከታተያ ንጥረ ነገር ለክተው፣ ፍሰቱ የደም ግፊታቸውን ተከትሎ እንደሚለዋወጥ አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ በቬንቲሌተር በሚረዱ እጅግ አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ የተደረጉ ልኬቶች ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ እየወጣ ሲሄድ ቁጥጥሩ ደረጃ በደረጃ እንደሚደክም አሳይተዋል።

ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን አንጎል ውስጥ፣ ፈሳሽ ከሚይዙት ክፍተቶች ዳር፣ የአንጎል ሕዋሳት የሚፈልቁበት ቦታ አለ። በዚያ ያሉት ደም ሥሮች ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፤ ቦታው እየከሰመ የሚሄደው እርግዝናው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ሲደርስ ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን እነዚህን ደም ሥሮች ይዞ ይወለዳል፤ ቁጥጥሩ የላላ ፍሰት ሲመጣባቸውም ሊፈነዱ ይችላሉ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት የአንጎል ደም መፍሰስ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ነው። በእርግብግቢቱ በኩል በአልትራሳውንድ ስናየው ግን ነገሩ አልፏል፤ ከማየት በቀር የምናደርገው ጥቂት ነው። ማድረግ የምንችለው ከዚያ በፊት ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው መፍትሔው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በብርቱ ማስወጣት ነው ሊል ይችላል። በተግባርም ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው፤ የታፈነ ሕፃን ሲወለድ በድንጋጤ አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት) በፍጥነትና በኃይል ይጨመቃል፣ ወይም የቬንቲሌተሩ ቁጥር ከፍ ተደርጎ እዚያው ይተዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 በታች እየወረደ ሲሄድ ደግሞ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ቀድሞ የተራበው አንጎል ለሁለተኛ ጊዜ ይራባል። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ ዝቅተኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንጎል ነጭ ክፍል ጉዳትና ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ በወሊድ ጊዜ ታፍነው በቆዩ ሕፃናትም ከከፋ ውጤት ጋር። የታፈነ ሕፃን በኦክስጅን እጦት በደሙ የተጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ለማካካስ ራሱም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ስንጨምርበት ቁጥሩ የት እንደሚደርስ ሳይለካ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በእኛ ክፍሎች ይህን ሁሉ የምንፈርደው በአብዛኛው በዓይናችንና በፐልስ ኦክሲሜትር (በቆዳ ላይ ሆኖ የደምን ኦክስጅን በሚለካው መሣሪያ) ነው። ኦክሲሜትር ታላቅ በረከት ነው፤ ከደም ጋዞች የሚናገረው ግን ስለ ኦክስጅን ብቻ ነው። ኦክስጅን የሚሰጠው ሕፃን መሣሪያው 95 እያሳየ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 70 ሊሆን፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ7.15 በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ቆዳው ቀልቷል፣ ልቡ ይመታል፣ ነርሷም በመዝገቡ ላይ ደህና ብላ ትጽፋለች፤ የአንጎሉ ደም ሥሮች ግን በዚያው ሰዓት ቁጥጥር አጥተው ሊሆን ይችላል። የነርሷ ጥፋት አይደለም፤ የምታየው መሣሪያ የማይነግራትን ልታውቅ አትችልም። የፒኤች ቁጥሩም ራሱ ያዘናጋል። ከ7.4 ወደ 7.1 መውረድ ጥቂት ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በደሙ ያለው የሃይድሮጂን አዮን በእጥፍ ጨምሯል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ አሲድ ሲባል አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ከሳንባ የሚመጣ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይወጣ ሲቀር የሚጠራቀም። ሌላው ከሕዋሳት የሚመጣ ነው፤ ኦክስጅን ባጣ አካል የሚመረት ላክቲክ አሲድ፣ ወይም ኩላሊት ሊያስወግደው ያልቻለ። የመጀመሪያው ወደ አንጎል በደቂቃ ይደርሳል፤ የሁለተኛው አሲድ በደም ውስጥ ሆኖ የአንጎልን አጥር በቀላሉ አያልፍም፤ ነገር ግን ሕፃኑ ታፍኖ ከነበረ አንጎሉ ራሱ የራሱን ላክቲክ አሲድ አምርቷል። ሁለቱ የሚሹት ሕክምና የተለያየ ነው፤ በአልጋው አጠገብ ለቆመ ሰው ግን መልካቸው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ በብሌግዳም ሆስፒታል የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። የሕሙማኑ የደም ምርመራ ጠቅላላውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዘት ብቻ ይለካ ስለነበር፣ ከፍ ብሎ የተገኘው ቁጥር የደም አሲድ ማነስ ተደርጎ ይተረጎም ነበር። የሰመመን ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ይህን ተቃወሙ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፖል አስትሩፕም የደሙን ፒኤች በቀጥታ ሲለኩ ሕሙማኑ በአሲድ እየሞቱ እንደነበር ታየ። ከዚያ በኋላ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ የማስተንፈሻ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ብዙዎችን ከሞት አተረፉ። እጅ ነበራቸው፣ ከረጢት ነበራቸው፤ መንገዱን የከፈተላቸው ልኬቱ ነበር። እያንዳንዱ አዋላጅ ነርስ በስማቸው የምታውቃቸው ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋርም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ነጥብ አሰጣጥ ብቻ አልረኩም፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 ባወጡት ጥናት የጨቅላ ሕፃናትን የደም አሲድነት ለክተው ከመታፈንና ከትንፋሽ አጀማመር ጋር አያይዘው መርምረዋል።

አሁን አሲድን ለማርከስ ወደሚሰጠው መድኃኒት፣ ወደ ባይካርቦኔት፣ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይገባኛል። ልኬት በሌለበት ክፍል፣ ሕፃኑ ታፍኗልና አሲድ አለበት ተብሎ በግምት ባይካርቦኔት በደም ሥር ሲሰጥ አይቻለሁ። የሚሰጠው በቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ባይካርቦኔት አሲድን የሚያጠፋው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለወጥ ነው። ይህ ጋዝ በሳንባ ካልወጣ በደም ይከማቻል፣ ወደ አንጎል ሕዋሳት ይገባል፣ በውስጣቸውም አሲዱን ያባብሳል። በደም ላይ የሚነበበው ፒኤች ሲሻሻል በሕዋሱ ውስጥ ያለው ይከፋል ማለት ነው። በዚያ ላይ 8.4 በመቶ የሆነው ፈሳሽ የጨው ጥንካሬው ከደም ሰባት እጥፍ ያህል ነው፤ በፍጥነት ሲገባ ከአካላት ውሃ ወደ ደም ሥር ይስባል፣ የደሙን መጠን በድንገት ይጨምራል፣ ቁጥጥር ያጡትንና ስስ የሆኑትን የአንጎል ደም ሥሮችም ይመታል። ባይካርቦኔት ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ከሚደርስ የአንጎል ደም መፍሰስ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲጻፍ ቆይቷል፤ ዛሬ ያሉት የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የማስጀመር መመሪያዎችም በዘወትር እንዲሰጥ አይመክሩም። ኩላሊታቸው ባይካርቦኔት ለሚያፈስስባቸው ወይም በተፈጥሮ የሰውነት ኬሚስትሪ ሕመም ላለባቸው ጥቂት ሕፃናት ይህ መድኃኒት ቦታ አለው፤ ተበርዞ፣ በዝግታ፣ ትንፋሻቸው በተገቢው ሁኔታ እየተደገፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተለክቶ።

በየክፍሉ ያለውን ሁኔታ ስናይ መሣሪያው ጨርሶ ያልገባበት አለ። ገብቶም ካርትሪጁ ካለቀ በኋላ ጨርቅ ለብሶ የቆመበት አለ። ካርትሪጁ በቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ሆኖ ሳለ መብራት ሲጠፋ ተበላሽቶ የሚጣልበት፣ የአገልግሎት ዘመኑ አልፎ ከነሳጥኑ የሚወገድበትም አለ። የሚሠራው መሣሪያ በአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሆኖ፣ ከሕፃኑ ተረከዝ የተወሰደው ጥቂት ጠብታ ደም ኮሪደር ለኮሪደር ሲዞር ረግቶ የሚቀርበትም ይታያል። ወላጆች ከሆስፒታል ውጭ ወዳለ የግል ላቦራቶሪ ደም ይዘው እንዲሄዱ ሲጠየቁ ደግሞ የሚመለሰው ውጤት ለመወሰን ከሚያስፈልገን ሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቁጥርም በመንገድ ላይ ይዛባል። የአንድ ተቋም ወይም የአንድ ግለሰብ ስንፍና ነው ማለቴ አይደለም። መሣሪያ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ ከእሱ ጋር ለሚያልቀው ዕቃ፣ ለጥገናውና ለቅዝቃዜው አብሮ ስለማይታሰብ የሚከተል ነው።

ቅድሚያው ሌላ ነው የሚል መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ በከፊልም እስማማለሁ። አንድ ጤና ጣቢያ የደም ጋዝ መሣሪያ አያስፈልገውም። እዚያ የሚያስፈልገው ሕፃኑን ማድረቅና ማሞቅ፣ ትንፋሽ ካልጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ በአምቡ ባግ መርዳት፣ ያለ ጊዜው ለተወለደው የእናት ገላ ለገላ እንክብካቤ መስጠት ነው። ትንፋሽን በትክክል መደገፍ ራሱ ለአሲዱ የመጀመሪያው ሕክምና ስለሆነ፣ ከዚህ አንዲት ብር ተወስዳ ለመሣሪያ እንድትውል አልጠይቅም። የእኔ ጥያቄ የሚመለከተው አስቀድመን ሲፓፕና ቬንቲሌተር ያስገባንባቸውን ሆስፒታሎች ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኃይል በእጃችን ካስገባን በኋላ፣ ያደረግነውን የምናይበት ዓይን ከሌለን፣ ያስገባነው መሣሪያ ራሱ የጉዳት ምክንያት ሊሆን ይችላል። የታፈኑ ሕፃናትን አንጎል ከጉዳት ለመጠበቅ ሰውነታቸውን ማቀዝቀዝ እንጀምር የሚል አሳብም አልፎ አልፎ ይነሳል። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት ማቀዝቀዝ በእነዚያ ሆስፒታሎች የአካል ጉዳትንና ሞትን በጋራ እንዳልቀነሰ፣ ሞትን ግን እንደጨመረ አሳይቷል። በቀዘቀዘ ሰውነት የሚመረተው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀንሳል፤ ቬንቲሌተሩ እንደነበረ ከተተወ ቁጥሩ በቀላሉ ከሚገባው በታች ይወርዳል። የደም ጋዝ መለካት ያልቻለ ክፍል ስለ ማቀዝቀዝ ማሰብ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ጤና ሚኒስቴር በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች መመዘኛ ውስጥ የደም ጋዝ ምርመራን ለትንፋሽ ድጋፍ ፈቃድ እንደ ቅድመ ሁኔታ እንዲያስገባው እጠይቃለሁ፤ መሣሪያው በዚያው ክፍል ውስጥ ወይም በደቂቃዎች ርቀት እንዲሆን፣ ከጥቂት ጠብታ ደም የሚሠራ እንዲሆን፣ ነርሶችም ራሳቸው ሊጠቀሙበት እንዲሠለጥኑ። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ካርትሪጁንና ሪኤጀንቱን (የመመርመሪያ ኬሚካሉን) እንደ ማንኛውም ሕይወት አድን መድኃኒት በቋሚ ዝርዝር ይዞ፣ በየሆስፒታሉ ያሉት መሣሪያዎች ዓይነት በተቻለ መጠን ተመሳሳይ እንዲሆን በግዥው ላይ ቢያስብበት፣ አንዱ ጋ ያለቀውን ከሌላው ለማካካስ ይቻላል። በውጭ አገር የምትኖሩና መሣሪያ በመላክ የምታግዙን ወገኖቻችንም፣ ከመላካችሁ በፊት ካርትሪጁ አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ተቀባዩን ሆስፒታል ጠይቁ፤ የሁለት ዓመት ካርትሪጅ በየጊዜው መላክ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ከመላክ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

ለማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቼ አንድ ቀላል ነገር አለኝ። ሕፃኑ ሳያለቅስ ሲወለድ ከእትብቱ አንድ ስንዝር ያህል በሁለቱም ጫፍ አስሮ መቁረጥና ማስቀመጥ ማንንም ከሕፃኑ አያዘገይም። እንዲህ በታሰረ እትብት ውስጥ ያለ ደም በክፍሉ ሙቀት እስከ 60 ደቂቃ ድረስ ለምርመራ ይበቃል። ናሙናው ከሁለቱ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ከአንዱ መወሰድ አለበት፤ ትልቁ ደም መልስ ከእንግዴ ልጅ የሚመጣውን ስለሚያሳይ የሕፃኑን ሁኔታ በትክክል አይነግረንም። የደም ቅዳው ፒኤች በአማካይ 7.27 አካባቢ ነው፤ ከ7.0 በታች ሆኖ ከተገኘ ግን ይህ ሕፃን በሚቀጥሉት ሰዓታት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ በጥብቅ መከታተል ያለበት ነው። ባይካርቦኔትን በተመለከተም፣ ልኬትና የከፍተኛ ሐኪም ትእዛዝ ሳይኖር ለጨቅላ ሕፃን እንዳይሰጥ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን የጽሑፍ ደንብ ዛሬውኑ ሊያወጣ ይችላል። ይህ በጀት አይጠይቅም።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ክልል ጤና ቢሮዎች በየሆስፒታሎቻቸው ስንት የደም ጋዝ መሣሪያ እንዳለ፣ ስንቱ እንደሚሠራ፣ ለስንት ወር የሚበቃ ካርትሪጅ እንዳለው ቆጥረው ለሚኒስቴሩ እንዲያሳውቁ፣ ሚኒስቴሩም ቁጥሩን ለባለሙያውና ለሕዝቡ ይፋ እንዲያደርግ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቆጠራውን ለማገዝ፣ የባይካርቦኔቱን ደንብ ለማርቀቅና ነርሶችን ለማሠልጠን ፈቃደኛ ነኝ፤ በየሆስፒታሉ ያሉ ብዙ ባልደረቦቼም እንደሚተባበሩ እርግጠኛ ነኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚያገለግል የሕፃናት ሐኪም